ጨረታም ሙከራ ነው

በአገራችን ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ሦስት ዓይነት መሣሪያ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። አንደኛው የሚሠራው ነው። ሁለተኛው አንድ ሴሚስተር ሠርቶ መለዋወጫ በማጣት የቆመው ነው። ሦስተኛው ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ወይም ተከፍቶ አንድ ኬብል ጎድሎት፣ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰው ነው። ተማሪው የዚህን የሦስተኛውን መሣሪያ ሥዕል በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያያል፤ በፈተና ላይ ስለ አሠራሩ ይጠየቃል፤ በመጨረሻም አንድ ቀን እንኳ ሳይነካው ይመረቃል። ይህን ችግር ባነሣን ቁጥር የምንሰማው መልስ «በጀት የለም» የሚል ነው። የበጀት እጥረት መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በካርቶኑ ውስጥ የተቀመጠው መሣሪያ በበጀት የተገዛ ነውና፣ ቢያንስ ለእርሱ ይህ መልስ አይሠራም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች የሚገኙ ከ110,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መርምሮ፣ በአማካይ 38.3 በመቶ የሚሆኑት አገልግሎት የማይሰጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። ጥናቱ በምክንያትነት የጠቀሳቸው የሥልጠና፣ የመሣሪያ አያያዝና የመሠረተ ልማት ጉድለቶችን ነው። ልብ እንበል፤ ሦስቱም መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ሊታሰብባቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የመንግሥት ግዥ ሥርዓት የፋይናንስ ክፍል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ መቅረት አለበት። በሚገባ የተካሄደ ጨረታና በሚገባ የተካሄደ ሙከራ አንድ ዓይነት ሥነ ሥርዓት ይጠይቃሉ። ያንን ሥነ ሥርዓት በሙያችን የተማርነው እኛ የሳይንስ ሰዎች ከጨረታው ገበታ ርቀን ስንቀመጥ፣ ጉዳቱ ዞሮ ዞሮ በተማሪው ላይ ያርፋል።

መስፈርቱ ከውጤቱ ይቀድማል

የፌዴራል መንግሥት ግዥ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 430/1997 ወጣለት። ይህን በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 649/2001 ተካው፤ እርሱም በተራው በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተካ። አዋጆቹ በዝርዝር ጉዳዮች ይለያዩ እንጂ የቆሙበት መሠረት ተመሳሳይ ነው፤ ገንዘቡ ተገቢውን ዋጋ እንዲያስገኝ፣ አሠራሩ ግልጽ እንዲሆን፣ ተወዳዳሪዎች ያለ አድልዎ እንዲስተናገዱ፣ የወሰነ ሰው በውሳኔው እንዲጠየቅ ይፈልጋሉ።

እነዚህ መርሆዎች በተግባር ሲተረጎሙ አንድ ቀላል ትእዛዝ ይወጣቸዋል፤ አሸናፊው የሚመረጥበት መስፈርት ዋጋው ከመታየቱ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ የሚል ነው። የፊዚክስ ተማሪ ይህን ትእዛዝ ሲሰማ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በሙከራ ሥራ ከሁሉ የሚከፋው ፈተና ውጤቱን ካዩ በኋላ የመምረጫውን መስፈርት ማስተካከል ነው። «ይህ ነጥብ ከመስመሩ ስለወጣ እንተወው» ማለት ቀላል ነው፤ በተለይ ነጥቡ ከጠበቅነው መልስ ጋር የማይስማማ ሲሆን።

የስበት ሞገድን የሚያስሱት የላይጎ ተመራማሪዎች ይህን ፈተና ለመቋቋም የወሰዱት እርምጃ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ጥቂት ሰዎች ብቻ እያወቁት አንድ ሰው ሠራሽ ምልክት በመመዝገቢያዎቹ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። የቀሩት ተመራማሪዎች ምልክቱ እውነተኛ ይሁን ሰው ሠራሽ ሳያውቁ ለወራት መረመሩት፤ ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍ ሁሉ አዘጋጁ። ምስጢሩ የተገለጠላቸው በመጋቢት 2011 ነበር። በ2015 እውነተኛው ምልክት ሲመጣ፣ በዚህ መንገድ የተፈተነ ቡድን ያቀረበውን ውጤት ዓለም ለማመን ብዙ አልተቸገረም።

የታሸገ የጨረታ ኤንቬሎፕም ተግባሩ ይኸው ነው። ተጫራቾች በተገኙበት፣ በተወሰነ ቀንና ሰዓት መከፈቱ ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም። በሁለት ኤንቬሎፕ በሚካሄድ ጨረታ የቴክኒኩ ሰነድ አስቀድሞ የሚመረመረው፣ የዋጋው ሰነድ እንደታሸገ የሚቆየው፣ ገምጋሚው ዋጋውን አይቶ በቴክኒኩ ነጥብ ላይ እጁ እንዳያዘነብል ነው። ይህ ሁሉ ለሳይንስ ሰው የራሱ ቋንቋ ነው፤ ሕግ አውጪው በሌላ መንገድ መጥቶ እኛ ከደረስንበት ቦታ ደርሷል።

ዝቅተኛው ዋጋ ለምን ያታልላል?

በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ጨረታ ማለት ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን መምረጥ ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ ትንሽ ስታቲስቲክስ ብናስጠጋው የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ይታያል።

አንድ የቤተ ሙከራ ዕቃ አቅርቦ፣ ተክሎና አሠልጥኖ ለማስረከብ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ወጪ 10 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ተጫራቾች ይህን ቁጥር በእርግጠኝነት አያውቁትም፤ የምንዛሪ ለውጡን፣ የማጓጓዣውን፣ የጉምሩኩን ጊዜ እያሰቡ ይገምታሉ። ግምታቸው በአማካይ ትክክል ሆኖ፣ መደበኛ ልይይቱ 1 ሚሊዮን ብር ይሁን፤ ሥርጭቱም ጉብታማው መደበኛ ሥርጭት ይሁን። እያንዳንዱ የገመተውን ወጪ እንደ ዋጋ ቢያቀርብ፣ በሁለት ተጫራቾች መካከል ዝቅተኛው በአማካይ 9.44 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። አምስት ሲሆኑ 8.84 ሚሊዮን፣ አሥር ሲሆኑ 8.46 ሚሊዮን ብር ይወርዳል። እዚህ ላይ ማንም አላጭበረበረም፤ ማንም ከሌላው የተሻለ የሥራ ብልሃት አላመጣም። አሸናፊው ያሸነፈው ከሁሉም በላይ ወደ ታች ስለተሳሳተ ነው።

ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1971 በጽሑፍ ያብራሩት ኬፐን፣ ክላፕና ካምቤል የተባሉ ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው። የእነርሱ ጉዳይ የነዳጅ መሬት ጨረታ ስለነበረ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነበር፤ መሬቱን የሚወስደው ከሁሉ አብልጦ የገመተው ነውና፣ ብዙ ጊዜ አትራፊ አይሆንም። ክስተቱ «የአሸናፊው እርግማን» የሚል ስም ወጥቶለታል። በ2020 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ለፖል ሚልግሮምና ለሮበርት ዊልሰን ሲሰጥ፣ ከሥራዎቻቸው መካከል አንዱ ይህንኑ እርግማን በንድፈ ሐሳብ ማብራራት ነበር።

እርግማኑ በአሸናፊው ላይ ብቻ ቢወድቅ ባላሳሰበን። ነገር ግን በ8.46 ሚሊዮን ብር የ10 ሚሊዮኑን ሥራ ለመሥራት የገባ አቅራቢ ጉድለቱን ከአንድ ቦታ መሙላት አለበት። ሥልጠናውን ያሳጥራል፤ መለዋወጫውን ይቀንሳል፤ ለጥገና ሲጠራ ስልኩን አያነሣም፤ ወይም ውሉን ጥሎ ይሄዳል። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ገዢው በዋጋ ያተረፈ መስሎት መሣሪያውን ያጣል። ስለዚህ ዝቅተኛ ዋጋ ሲቀርብ ደስታችንን ትንሽ አቆይተን፣ «ይህ ቁጥር እንዴት ተገኘ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። አወዳዳሪው ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ዋጋ ላቀረበ ተጫራች ማብራሪያ መጠየቁ ጥርጣሬ አይባልም፤ ከመስመሩ ርቆ የወጣን ነጥብ መልሶ እንደ መለካት የሚቆጠር ሥራ ነው። ከዚህም ሌላ የመሣሪያው ዋጋ በግዥ ቀን የሚከፈለው ብቻ እንዳልሆነ፣ ለዓመታት የሚያስፈልገው ጥገና፣ ፍጆታና ኃይል ተደምሮ በመስፈርቱ ውስጥ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል።

ስፔሲፊኬሽን የሚጽፈው ማነው?

እዚህ ላይ ነቀፌታው ወደ ራሳችን ወደ መምህራን ይመለሳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ የብዙ ያልተሳካ ግዥ ሥር የሚገኘው በቴክኒክ ዝርዝር መግለጫው፣ በተለምዶ ስፔሲፊኬሽን በምንለው ወረቀት ላይ ነው። የትምህርት ክፍሉ ፍላጎቱን እንዲያቀርብ ሲጠየቅ በሁለት ዓይነት መንገድ ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ስህተት እጅግ አጭር መጻፍ ነው። «ኦሲሎስኮፕ፣ ብዛት 20» ብሎ የላከ ክፍል ማንኛውንም ኦሲሎስኮፕ ቢያመጡለት መቃወም አይችልም። ሁለተኛው ስህተት የአንድን አምራች ካታሎግ ከነክብደቱና ከነቀለሙ መገልበጥ ነው። በ2001ዱ አዋጅ የንግድ ምልክት መጥቀስ የሚፈቀደው ዕቃውን በሌላ አኳኋን በትክክል መግለጽ ሳይቻል ሲቀር ብቻ፣ ያውም «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ቃል ታክሎበት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ብቻ ሊያሟላው የሚችለው መስፈርት ውድድሩን ከመጀመሩ በፊት ጨርሶታል። ሳይንሱም ይህን ይደግፋል። የሚያስፈልገን ነገር መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ነው እንጂ የመሣሪያው ስም አይደለም። ተማሪው የሚለካው የሞገድ ድግግሞሽ እስከ ስንት ይደርሳል? ስንት ምልክቶችን በአንድ ጊዜ ማየት አለበት? የሚታገሠው ስህተት ስንት በመቶ ነው? እነዚህን ከመለሰ በኋላ የቀረው የተጫራቹ ፋንታ ነው።

ከዚህም በላይ የራሳችንን ምድር የምናውቀው እኛው ነን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ውኃም በ92 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ይፈላል። ለቤተ ሙከራ የሚሠሩ ብዙ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ግን የደኅንነት ፍተሻቸው የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ በሚሠሩ መሣሪያዎች ውስጥም የአየሩ የመከላከል አቅም ስለሚቀንስ ብልጭታ በቀላሉ ይነሣል። ይህን የሚያውቅ የፊዚክስ መምህር «በ2,500 ሜትር ከፍታ የሚሠራ» የሚል አንድ መስመር በስፔሲፊኬሽኑ ላይ ቢጨምር ወጪው አንድ ደቂቃ ነው። መስመሩ ካልተጻፈ ግን መሣሪያው ከሳምንታት በኋላ ሲቃጠል አቅራቢው «የጠየቃችሁኝን አቅርቤያለሁ» ቢል እውነቱን ነው። የኤሌክትሪክ መቆራረጥንና የቮልቴጅ መዋዠቅን በተመለከተም እንዲሁ ነው።

ሌላው ችግራችን ጊዜ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ የተኛው ጥያቄ በግንቦትና በሰኔ ይነቃል፤ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል ስፔሲፊኬሽን በአንድ ሌሊት ይጻፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በግዥ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ከቦታው አይወጣም።

ቅሬታ የግዥ ጠላት ነውን?

በመሥሪያ ቤቶቻችን በጨረታ ውጤት ላይ ቅሬታ ያቀረበ ተጫራች ብዙውን ጊዜ እንደ አዋኪ ይታያል። በእኛ ሙያ ግን አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች እንዲተቹት ማድረግ የክብር ጉዳይ ነው። በግዥም የተተቺነትን ድርሻ የሚወጣው ቅሬታ ነው።

ይህን ለማየት በአሜሪካ የተከሰቱ ሁለት ጉዳዮችን እንመልከት። በዚያ አገር በመንግሥት ውል አሰጣጥ ላይ የሚቀርብ ቅሬታን የሚመረምረው አንዱ አካል የምክር ቤቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ውሳኔውን በ100 ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት።

የመጀመሪያው ጉዳይ የነዳጅ ማመላለሻ አውሮፕላኖች ግዥ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2008 ወደ 35 ቢሊዮን ዶላር የሚገመተውን የ179 አውሮፕላኖች ሥራ ለኖርዝሮፕ ግሩማንና ለአውሮፓዊው አጋሩ ሰጠ። ቦይንግ ቅሬታ አቀረበ። መርማሪው አካል በሰኔ 18 ቀን 2008 የቦይንግን ቅሬታ ተቀበለ። ከምክንያቶቹ አንዱን የሳይንስ ተማሪ ሁሉ ሊያስታውሰው ይገባል። የጨረታው ሰነድ ከተቀመጠው ግብ በላይ ለሚሰጥ ብልጫ ተጨማሪ ነጥብ እንደማይሰጥ ይናገር ነበር፤ አየር ኃይሉ ግን ለዚሁ ብልጫ ዋጋ ሰጥቶ ተገኘ። የተመረጠው አውሮፕላን መጥፎ ነው አልተባለም። የተባለው፣ መስፈርቱ ውጤቱ ከታየ በኋላ ተቀይሯል የሚል ነው። ውድድሩ እንደገና ተካሂዶ በየካቲት 2011 ቦይንግ አሸነፈ።

ሁለተኛው ጉዳይ ወደ ጠፈር ይወስደናል። ናሳ ጠፈርተኞችን በጨረቃ ላይ የሚያሳርፍ መንኮራኩር ለማሠራት በሚያዝያ 16 ቀን 2021 ለስፔስኤክስ የ2.89 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። ብሉ ኦሪጅንና ዳይኔቲክስ ቅሬታ አቀረቡ፤ ሥራውም ቆመ። መርማሪው አካል ቅሬታዎቹን በሐምሌ 30 ቀን ውድቅ አደረገ። ብሉ ኦሪጅን ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በኅዳር 4 ቀን እዚያም ተረታ። በእነዚህ ወራት ውስጥ የጨረቃው ፕሮግራም ጊዜ እንዳባከነ አንክድም። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሲያበቃ ናሳ ለምን እንደመረጠ በጽሑፍ፣ በምክንያት፣ ለሕዝብ ተገልጧል። የተሸነፈውም ኩባንያ አላኮረፈም፤ በሚቀጥለው ውድድር ገብቶ በግንቦት 2023 ለሌላ የጨረቃ ማረፊያ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ውል አግኝቷል። ተሸናፊው በሚቀጥለው ጨረታ ተመልሶ የሚመጣበት ሥርዓት ለገዢው ትልቅ ሀብት ነው። ቅሬታው ሰሚ ያጣ አቅራቢ ግን ሁለተኛ አይወዳደርም፤ ተወዳዳሪ ሲያንስ ደግሞ ዋጋ ይወደዳል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አሸናፊው ከተገለጸ በኋላ ውሉ ወዲያውኑ አይፈረምም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው መመሪያ ቢያንስ የ10 ቀናት የመቆያ ጊዜ ያዛል። ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ፣ ጽሑፉ ታትሞ ካለቀ በኋላ እንደሚመጣ ትችት፣ እውነት ቢሆንም ለማረም ያስቸግራልና። በእኛም አገር የ2001ዱ አዋጅ ቅር የተሰኘ ተጫራች በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ እንዲያመለክት፣ ኃላፊውም ግዥውን አግዶ በጽሑፍ እንዲወስን፣ ያልረካ ወገን ወደ ቅሬታ አጣሪ ቦርድ እንዲሄድ ደንግጎ ነበር። ስለዚህ የአቤቱታ በር በሕጋችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም።

ቅሬታን ለማዘግየት ብቻ የሚጠቀሙበት ተጫራቾች አሉ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አሉ፤ አንካድም። ለዚህ መድኃኒቱ ግን በሩን መዝጋት አይደለም፤ የቀን ገደብ ማበጀትና ውሳኔውን ከነምክንያቱ ለሁሉም ይፋ ማድረግ ነው። ግልጽ መስፈርት ጽፎ፣ በጻፈው መሠረት የሰጠውን ነጥብ በመዝገብ የያዘ መሥሪያ ቤት ለቅሬታ መልስ ለመስጠት የሚበቃው አንድ ቀን ነው። መልሱ ወራት የሚፈጅበት ብዙውን ጊዜ መዝገቡ የሌለው ነው።

ሃምሳ ሎሚ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የጋራ ግዥ ሐሳብ በዚህ ተረት ውስጥ ይገኛል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የአሜሪካ አህጉራት የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ያቋቋመው የክትባት ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ከ40 በላይ አገሮችና ግዛቶች ፍላጎታቸውን ደምረው ይገዛሉ፤ ሕዝቧ ጥቂት የሆነች ደሴትም እንደ ትልቅ አገር ለአንድ ክትባት ያንኑ ዋጋ ትከፍላለች።

በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ አገልግሎት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን ዕቃዎች በማዕቀፍ ስምምነት የመግዛት ኃላፊነት ተሰጥቶት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትም ፍላጎትን ከብዙ ቦታ ሰብስቦ ለመደመር አመቺ ነው። ታዲያ ለወረቀትና ለኮምፒውተር የታሰበው ለቤተ ሙከራ መሣሪያ ለምን አይታሰብም?

ጥቅሙን በቁጥር እናሳይ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በዓመት በአማካይ 4 የሌዘር ቱቦዎች ይቃጠሉበታል እንበል። ቃጠሎው በዘፈቀደ የሚከሰት ከሆነ መደበኛ ልይይቱ የ4 ካሬ ሥር፣ ማለትም 2 ነው። ላለመቸገር ከአማካዩ በላይ ሁለት ልይይት ጨምሮ 8 ቱቦዎችን ያስቀምጣል። 16 ዩኒቨርሲቲዎች ለየብቻቸው እንዲህ ቢያደርጉ 128 ቱቦዎች ያስፈልጋሉ። በአንድ መጋዘን ቢያስቀምጡ ግን አማካዩ 64፣ ልይይቱ የ64 ካሬ ሥር፣ ማለትም 8 ይሆናል። ሁለት ልይይት ስንጨምር 80 ቱቦዎች ይበቃሉ። የዋጋ ቅናሽ ሳይጠየቅ፣ በመደመር ብቻ 48 ቱቦዎች ተረፉ።

ነገር ግን ይህ ስሌት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ስህተቶቹ እርስ በርሳቸው ያልተያያዙ መሆን አለባቸው። በልኬት ትምህርት የዘፈቀደ ስህተትና ሥርዓታዊ ስህተት እንለያለን፤ የመጀመሪያው ልኬት በበዛ ቁጥር ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግን ሺህ ጊዜ ብንለካም አይነቃነቅም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለከፍታው የማይስማማ መሣሪያ ቢገዛ ጉዳቱ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። 16ቱ በጋራ የማይስማማውን ቢገዙ ግን ተማሪው ከጎንደር እስከ ጅማ፣ ከመቀሌ እስከ ሐዋሳ በአንድ ጊዜ መሣሪያ አልባ ይሆናል። የጋራ ግዥ የዘፈቀደውን ስህተት ሲቀንስ ሥርዓታዊውን ያገዝፋል። አቅራቢውም አንድ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል።

ለዚህ ችግር የአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ማእከል ሰርን ያገኘው መፍትሔ አስተማሪ ነው። ትልቁን የሐድሮን አጋጫጭ ሲሠራ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ርዝመት ያላቸው 1,232 ዋና ዋና ማግኔቶች አስፈልገውት ነበር። ንድፉ አንድ ነበር፤ ሥራው ግን ለሦስት አምራቾች ተከፈለ፤ አንዱ ከፈረንሳይ፣ አንዱ ከጀርመን፣ አንዱ ከጣሊያን። እጅግ ወሳኝ የሆነውን ልዕለ አስተላላፊ ኬብል ደግሞ ሰርን ራሱ እየገዛና እየፈተሸ ለሦስቱም አቀረበ። በዚህ መንገድ ሦስቱ ማግኔቶች አንድ ዓይነት ሆኑ፤ አንዱ ቢሰናከል ሌሎቹ እንዲቀጥሉም ተቻለ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ መስፈርቱና ፍተሻው የጋራ ይሁን፣ አቅራቢው ግን ከአንድ በላይ ይሁን የሚል ነው። ይህ አካሄድ ሁሉንም ጨረታ በብቸኝነት ለመጠቅለል አቅም የሌላቸውን የአገር ውስጥ አቅራቢዎችም ከገበያው አያስወጣም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከላይ ካነሣነው ተነሥተን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎች ለመሠረታዊ የማስተማሪያ መሣሪያዎች የጋራ ስፔሲፊኬሽን ይጻፉ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በባሕር ዳርም ሆነ በአርባ ምንጭ የሚሠራው የፔንዱለም፣ የሌንስና የሰርኪዩት ሙከራ ብዙ ልዩነት የለውም። ሰነዱ ከፍታን፣ የኤሌክትሪክ ሁኔታን፣ ሥልጠናን፣ የመለዋወጫ ዝርዝርንና የጥገና ዘመንን ይያዝ። ይህ ሥራ ውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ሥራውም በሰኔ ሳይሆን በኅዳር ይጀመር።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ግዥ ከመፈጸሙ በፊት ናሙናው ተተክሎ ይፈተሽ፤ ፍተሻውን የሚያካሂደውም መሣሪያውን የሚጠቀምበት ክፍል ይሁን። የፍተሻው መዝገብ ለተሸናፊዎችም ይታይ። ቅሬታ ቢመጣ መልሱ ከዚያው ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ስፔሲፊኬሽን መጻፍ በላብራቶሪ ኮርሶቻችን ውስጥ ይግባ። አንድ ተማሪ የፍልስሰት ርዝመትን ለክቶ ሪፖርት እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ያንን ሙከራ ለማካሄድ የሚበቃ መሣሪያ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት፣ የማንንም አምራች ስም ሳይጠራ፣ በአንድ ገጽ ቢጽፍ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው ይጨምራል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ነገ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የሆስፒታል መሐንዲስ፣ የግዥ ኮሚቴ አባል ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ፊታቸው የሚቀርበው ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት መሆን የለበትም።

ይህን መጽሔት የምታነብቡ ተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። በቤተ ሙከራችሁ መደርደሪያ ላይ የቆመ መሣሪያ ካለ ስሙን፣ የተገዛበትን ዓመትና የቆመበትን ምክንያት መዝግባችሁ ለመምህራችሁ አቅርቡ። ምክንያቱ ኬብል ይሁን፣ ፊውዝ ይሁን፣ የይለፍ ቃል ይሁን፣ የተቃጠለ ፓምፕ ይሁን ይጻፍ። ለሚቀጥለው ዓመት ስፔሲፊኬሽን የሚዘጋጀው ኮሚቴ ከዚህ ዝርዝር የተሻለ መነሻ ሊያገኝ አይችልም።